ኤግዚቢሽን በእድር ድንኳን

ባሌ ሠዓሊ ነው ስል ሰው ሁሉ ያዝንልኛል። ሲያዝኑልኝ ደግሞ ንድድ ይለኛል። ዓለምሰገድ ደሞዝ አለው፣ ጠጪ አይደለም፣ እጁን አያነሳብኝም። ቀን ቀን በአንድ መሥሪያ ቤት የመፈክር ጨርቅ ይጽፋል፤ ለአብዮት በዓል የሦስቱን ጺማሞች ፊት በትልቅ ሸራ ላይ ይሥላል፤ ጺሙንማ ዓይኑን ጨፍኖ ይሠራዋል። ጥፋቱ አንድ ነው። ከሥራ ሲመለስ ጋራዥ ውስጥ ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ማንም ያላዘዘውን ሥዕል ይሥላል።

ጋራዡ የእኛ ነው እንዳልል የእኛ አይደለም። ከቦሌ ወደ ገርጂ በሚወስደው የጭቃ መንገድ ላይ፣ ቤቱ አልቆ ሜዳው ሊጀምር ሲል፣ በንጉሡ ጊዜ የአንድ ሹም የነበረ ቪላ አለ። ቪላው ተወርሶ መዋዕለ ሕፃናት ሆነ፤ ለእኛ ቀበሌው ሰርቪሱንና መኪና የሌለበትን ጋራዥ አከራየን። ጋራዡ ባይኖር ያ ሁሉ ሸራ የሚተኛው እኔ አልጋ ላይ ነበር። ዓለምሰገድም ያለ ጋራዡ ሰው አይሆንም። አንድ ክረምት ጣሪያው አፍስሶ ሥዕል ማቆም ግድ ሆነበትና፣ ቤት ውስጥ እንደ ጠፋ ዕቃ ፈላጊ ሲንጎራደድ፣ እኔ ሽንኩርት ስከትፍ አጠገቤ ቆሞ ሲያየኝ፣ እኔው ራሴ ጣሪያው ላይ ወጥቼ ቆርቆሮውን ልመታ ምንም አልቀረኝም ነበር።

በ1974 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ካሳዬ መጣና ጋራዡን በዓይኑ መለካት ጀመረ። የቀበሌው ሱቅ ስኳርና ሳሙና ማስቀመጫ ጠቦታል። ካሳዬ ክፉ ሰው አይደለም፤ ድሮ አስተማሪ ነበር። ከእሱ በፊት የነበረውን ሊቀመንበር ግን ስሙን መጥራት ዛሬም አልወድም።

«እዚህ ውስጥ ምን ይሠራል?» አለ ካሳዬ።

«ሥዕል» አለ ባሌ።

«ለማን?»

ባሌ ብሩሹን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር። እኔም ብጠየቅ ለማን እንደሆነ አላውቅም።

«ስማ፣ ጓድ ዓለምሰገድ» አለ ካሳዬ፣ ጣቱን በአቧራው ላይ እያሻሸ። «እሑድ ከበላያችን ካለው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት የባህል ኮሚቴ ተወካይ ይመጣል። ኤግዚቢሽን አዘጋጅ። ሰፊው ሕዝብ ሥዕልህን ከፈለገው ጋራዡ የኪነ ጥበብ ነው። ካልፈለገው የሳሙና ነው።»

እውነቱን ልናገርና፣ ሳሙናውን ለአንድ አፍታ አሰብኩት። የሳሙና መጋዘን በራፌ ላይ! ሰልፍ የለ፣ ግፊያ የለ። ከዚያ የባሌን ፊት አየሁና በራሴ አፈርኩ።

ኤግዚቢሽን ሲያሳይ የመጀመሪያው አልነበረም። ካቻምና በቦሌ መንገድ ያለ አንድ መጠጥ ቤት ሥዕሎቹን ሰቅሎለት ነበር። በሰዓት እላፊው ምክንያት ማምሸት የፈለገ ሰው በሩ ይቀረቀርበትና እስኪነጋ እዚያው ሲጨፍር ያድራል። ባሌ ይህን ሲሰማ፣ «መሄጃ የሌለው ሕዝብ ሥዕል ሳያይ የት ይደርሳል?» ብሎ ደስ አለው። ሕዝቡ ግን አላየም። ሌሊቱን ሙሉ ከሥዕል ጋር ተቆልፎበት፣ አንዱ ከነላቡ ተደግፎት፣ አንዷ እርጥብ ካፖርቷን ሰቅላበት፣ ጠዋት ወደየቤቱ ሄደ። ባለቤቱም ሥዕሎቹን ሲመልስ «ግድግዳው ጠቦብኝ ነበር» አለን።

አሁን ደግሞ አዲስ ብልሃት አመጣ። ቅዳሜ ዕለት ከቀበሌው ሱቅ ጀምሮ እስከ እኛ በር ድረስ ሥዕሎቹን በየአጥሩ ላይ ሰቀላቸው፤ ሕዝቡ በመንገዱ እየተራመደ ያያል ብሎ። የዚያን ዕለት ስኳር መጥቶ ነበርና ሰልፉ ያንን አጥር ይዞ ተዘርግቷል። ሕዝብ ነበር፤ ግን አንድም ሰው ወደ አጥሩ ፊቱን አላዞረም። ፊቱን ካዞረ ተራው ያልፈዋላ! ጀርባቸውን ለሥዕሉ ሰጥተው እስከ ከሰዓት ቆሙ። ከዚያ ዝናብ መጣ። ስኳር የያዘውም ያልያዘውም ሮጠ፣ እኔና ባሌ ሸራ እየተሸከምን ጋራዥ ገባን። ካሳዬ በሱቁ መስኮት ሆኖ ሁሉንም ሲያይ ነበር።

«ነገም ይዘንብ ይሆናል፣ የእድሩ ድንኳን ይተከልልህ» ብሎ ሄደ። አዝኖልን ነው።

የእድራችን ዳኛ አቶ ገብረእዝጊ ናቸው። ዝምተኛ ሰው ናቸው፤ ድንኳን ይተከል ከተባለ ማን ሞተ ብሎ መጠየቅ በእሳቸው ዘንድ ነውር ነው። የሞተው ማን እንደሆነ መታወቁ አይቀርም። ከሊቀመንበር የመጣ ትእዛዝ ደግሞ በዚያን ዘመን ጥያቄ አይወድም። «ጡሩምባ ይነፋ» የሚል ስላልሰሙ ጡሩምባም አላስነፉም። ተረኞቹን ይዘው እሑድ በማለዳ በራችን ላይ ደረሱ።

እኔ አልነበርኩም። ለተወካዩ ሻይ ማቅረቢያ ብርጭቆ ልዋስ መገናኛ እህቴ ቤት ሄጃለሁ። ብርጭቆዎቹን በነጠላ ጠቅልዬ ዘንቢል ውስጥ አድርጌ፣ ጭቃውን እየዘለልኩ ስመለስ፣ ድንኳኑን ከሩቅ አየሁት። ተተክሏል፣ እሰየው አልኩ። ጥቂት ቀረብ ስል ለቅሶ ሰማሁ።

የኤግዚቢሽን ነገር ከጭንቅላቴ ውስጥ ብን ብሎ ጠፋ። የእድር ድንኳን፣ በራፌ ላይ፣ ለቅሶ። በቤታችን ያለነው ሁለት ሰዎች ነን። አንዷ እኔ ነኝ፣ ይኸው እየሄድኩ ነው። እንግዲህ የሞተው ሌላኛው ነው።

ዘንቢሉን ወረወርኩት። የእህቴ ብርጭቆ ሲንኮታኮት ሰምቻለሁ፣ ግድም አልሰጠኝ። «ዓለምዬ! ዓለምዬ!» እያልኩ ደረቴን እየመታሁ ሮጥኩ። ሴቶቹ ወጥተው ሁለት እጄን ያዙኝ። «አይዞሽ ፀሐይነሽ፣ የእግዜር ሥራ ነው፣ ምን ይደረጋል» አሉኝ። ማን ነው አላልኳቸውም፤ ማን እንደሆነም አልነገሩኝም። እየሮጥኩ ለእግዚአብሔር ያልተሳልኩት ስለት የለም። ሸራውን አልጋዬ ላይ ያስተኛው! ጉልቻዬ ላይ ይሥል! ብቻ መልስልኝ!

ድንኳኑ ውስጥ ስገባ ባሌ በቀኝ እጁ መዶሻ ይዞ፣ በአፉ ምስማር ነክሶ ቆሟል።

በጥፊ አጮልኩት። ሕዝቡም ሐዘን ነው ብሎ አለፈኝ።

ምስማሩን ከአፉ አወጣና ወደ ጥግ ሳበኝ። «ቀስ በይ፣ ፀሐይዬ። የሞቱት እትዬ ዘርትሁን ናቸው።»

«ውይ በሞትኩት! መቼ?»

«አልሞቱም።»

እትዬ ዘርትሁን አጥር የሚለየን ጎረቤታችን ናቸው። የሱቁን ሰልፍ የሚያስከብሩት እሳቸው ናቸው፤ ማንም አልሾማቸውም፣ ማንም ሊሽራቸው ግን አይደፍርም። በሰፈሩ ያልተጣሉት ሰው ቢኖር ገና ያልተወለደ ነው። ልጃቸው ወልዳ ሊያርሷት ናዝሬት ከሄዱ ሰንብተዋል፤ ሲሄዱም ደም ብዛታቸው ተነስቶባቸው ነበር። ባሌ ደግሞ እሳቸው ሳያውቁ፣ ሰልፉ ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ሲቆጡ ሥሏቸዋል። ተረኞቹ ድንኳኑን ተክለው ሲጨርሱ፣ «ሥዕሎቹን እናግባልህ» ይሉታል። ከዚያ ሁሉ ሥዕል መሃል የሚያውቁትን ፊት ያገኛሉ። እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። አንድም ቃል ሳይናገሩ ከድንኳኑ ራስጌ ጠረጴዛ አስቀምጠው፣ ነጭ ጨርቅ አልብሰው፣ የሟች ፎቶግራፍ በሚቀመጥበት ቦታ ያስቀምጡታል። ወሬው እግር አውጥቶ ሄደ። ጡሩምባ ለምን አልተነፋም ያለ ሰው አልነበረም፤ ያለ ጡሩምባ የሚያልፍ ሞት በሰፈራችን አዲስ ነገር አልነበረማ።

«እና ዝም አልካቸው?» አልኩት፣ ጥርሴን ነክሼ።

«ልነግራቸው አፌን ስከፍት አቶ ገብረእዝጊ አቅፈው ‹በርታ› አሉኝ። ፀሐይዬ፣ አልዋሸሁም፣ አልጠየቁኝም። ስንት ሰው እንደመጣ እስቲ እዪ! ጋራዡን አስቢ!»

«በቁሙ ያለ ሰው እየገደልክ ጋራዥ!»

ቢሆንም ዓይኔን ዘወር ሳደርግ የሰዉ ብዛት አስደነገጠኝ። ከገርጂ የመጡ አሉ፣ ከጎሮ የመጡ አሉ። ንፍሮው ይዞራል። ሴቶቹ ሙሾ ያወርዳሉ፣ «ሰልፉን ማን ያስከብርልን! ተራችንን ማን ይጠብቅልን!» እያሉ። ባለፈው ወር በዘንቢል የተማቱት ሳይቀሩ። በድንኳኑ ግድግዳ ላይ የባሌ ሥዕሎች ተሰቅለዋል፤ አንድም ሰው አያያቸውም።

አግዳሚ ላይ ወጥቼ እውነቱን ልለፍፍ ነጠላዬን ሳስተካክል፣ ከደጅ የመኪና ድምፅ መጣ። ካሳዬ ከተወካዩ ጋር ገባ።

ተወካዩ ካኪ የለበሰ ወጣት ነበር። በሩ ላይ እንደ ደረሰ ቆመ። ሕዝቡን አየ፣ ሥዕሎቹን አየ፣ እንደገና ሕዝቡን አየ።

«ይህ ሁሉ ሕዝብ የሚያለቅሰው በሥዕል ነው?» አለ በሹክሹክታ።

ባሌ ሳል ያዘው። ተወካዩ ወደ አቶ ገብረእዝጊ ተጠጋና፣ «አባት፣ ምን ተሰማዎት?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ምን ይሰማኛል ልጄ። ሁላችንም መንገደኛ ነን።»

«የሴትዮዋን ሥዕልስ እንዴት አዩት?»

አቶ ገብረእዝጊ ወደ ራስጌው አየት አደረጉ። «ቁርጥ እሳቸው። ገና ተናግረው የጨረሱ አይመስሉም።»

ተወካዩ ልቡ ተነክቶ ራሱን ነቀነቀ። በዚህ መሃል ካሳዬ ወደ እኔ ተጠግቶ፣ «እትዬ ዘርትሁን ሞቱ እንዴ? ናዝሬት መሄጃ የይለፍ ወረቀታቸውን የፈረምኩት እኔ ነኝ» አለኝ።

«አልሞቱም።»

«ታዲያ ይህ ምንድን ነው?»

«ድንኳኑን ያስተከልከው አንተ፣ የምትጠይቀኝ እኔን?»

ፊቱ አመድ መሰለ። ግን ምንም ለማለት ጊዜ አልነበረውም፤ ከመንገዱ ላይ ጩኸት እየቀረበ መጣ። ለቅሶ ደራሽ እየጮኸ ሲመጣ ወግ ነውና ሴቶቹ ሊቀበሉ ተነሱ።

«ወይኔ ፀሐይነሽ ልጄ! ያን የመሰለ ባል! ሥዕል ነው እንጂ ምን ጥፋት ነበረው! ወይኔ ዓለምሰገድ!»

እትዬ ዘርትሁን ናቸው። በአንድ እጃቸው የናዝሬት ብርቱካን በዘንቢል ይዘው፣ በሌላው ደረታቸውን እየደለቁ ገቡ። ከአውቶቡስ ወርደው ድንኳኑን በእኛ በር ሲያዩ እንደኔው ሒሳቡን ሠርተውታል።

ድንኳኑ ውስጥ የሆነውን እንዴት ልንገራችሁ። አንድ አግዳሚ ከነሰዎቹ ተገለበጠ። ከኋላ የተቀመጡት በድንኳኑ ሸራ ሥር ሾልከው ወጡ። አቶ ገብረእዝጊ ብቻ ከቦታቸው ሳይነቃነቁ አማተቡ።

እትዬ ዘርትሁን እኔንም ባሌንም ቆመን ሲያዩን ለቅሶውን ቀጥ አደረጉ። «ማነው የሞተው?»

ሴቶቹ ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«ማነው ነው የምላችሁ!»

«እርስዎ» አሏቸው አቶ ገብረእዝጊ፣ በአክብሮት።

እሳቸውም ቀና ሲሉ ራስጌው ላይ ራሳቸውን አዩ። ተራመዱ፣ ተጠጉ፣ ብርቱካኑን እንደያዙ ጎንበስ ብለው መረመሩ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ይሄ አፍንጫ የማን ነው?» አሉ።

ያኔ ነው ኤግዚቢሽኑ የተከፈተው። ከጠዋት ጀምሮ በዚያ ሥዕል ፊት ያለቀሰ ሰው ሁሉ አሁን ገና ሥዕሉን አየው። በሸራው ሥር የሾለኩትም ተመለሱ። የፊቱ ባለቤት ከጎን ስለቆሙ ማመሳከሩ ቀላል ነበር። አንዷ አፍንጫው የእሳቸው ነው፣ አገጩ ነው የበዛው አለች። ሌላዋ አገጩ እንኳ ቀንሷል አለች። አቶ ገብረእዝጊ ቁጣው ልክ መሆኑን መሰከሩ። ከዚያ ዓይናቸው ተከፍቷልና ወደ ሌሎቹ ዞሩ። «ይቺ ላም የጎሮዎቹ አይደለችም እንዴ? ቀንዷ እንዲህ ነው?» «ይሄ እኮ ሱቁ ነው! በሩን አሳንሶታል!» ሰው ከሸራ ወደ ሸራ ይራመዳል፣ ይጠቁማል፣ ይከራከራል። የባሌ ጆሮ ከደስታ ብዛት ቀላ። በሕይወቱ ሥዕሉን ሰው ሲሰድብለት የመጀመሪያው ነበር።

እትዬ ዘርትሁን ደግሞ ማን ምን ያህል እንዳለቀሰላቸው ሴቶቹን በየተራ እየመረመሩ ነበር።

ተወካዩ ግን ፊቱ ጠቁሯል። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህ ኤግዚቢሽን ነው ወይስ ለቅሶ?»

ካሳዬ ድንኳኑን ወደተከሉት ተረኞች ዞረ።

«ሕዝቡ ያለቀሰው ለሟች ነው። ሟች ደግሞ ይኸው ብርቱካን ይዘው ቆመዋል። በሥዕል ያለቀሰ አንድ ሰው የለም ማለት ነው። እንግዲያው ውሳኔው ግልጽ ነው፤ ጋራዡ ዛሬውኑ ለሱቁ ይሰጥ!»

ድንኳኑ ጸጥ አለ። ባሌን አየሁት፤ የድንኳኑን ምሰሶ ይዞ ቆሟል። አንጀቴን በላው። አፌን ከፍቼ ያንን ልጅ ልሰድበው ስል፣ በጸጥታው ውስጥ የሚያለቅስ ሰው ተሰማን።

ለካ አንድ ሰው ማልቀስ አላቆሙም ነበር። ጥግ ላይ፣ ፊታቸውን ወደ ሸራው ግድግዳ አዙረው፣ እትዬ ፈለቀች ያለቅሳሉ።

እትዬ ፈለቀች ከኋላችን የሚኖሩ ልብስ ሰፊ ናቸው። አንድ ልጅ ነበራቸው፣ ዘርአጽዮን የሚባል፣ ተማሪ። በ1970 ከቤት ወሰዱትና አልተመለሰም። የያኔው ሊቀመንበር በራቸው ላይ ቆሞ፣ ያለቀሰ ሰው ልጁን ይከተላል አለ። ድንኳን አልተተከለም፣ ጡሩምባ አልተነፋም። በማግስቱ የስፌት መኪናቸው ሲያንኳኳ ሰማን። እኛም በበራቸው ስናልፍ እግራችንን አፈጠንን። ከዚያ ወዲህ የሰው ለቅሶ አይቀሩም፣ ግን ዓይናቸው አያነባም። የዛሬውን ለቅሶ ለማን እንደጀመሩት ከእንግዳው በቀር ሁላችንም ገባን። ካሳዬም ገባው፤ መሬት መሬት ያይ ጀመር።

ተወካዩ ግን ዘወር አለ። «እናቴ፣ ሟቿ እኮ አሉ። እርስዎ ለማን ነው የሚያለቅሱት?»

እትዬ ፈለቀች በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉና ቀና አሉ። ፊት ለፊታቸው የተሰቀለው የገርጂ ሜዳ ነበር፤ ጤፉ ታጭዶ ያለቀበት፣ መሃሉን ቀጭን መንገድ የሚያቋርጠው።

«ሥዕሉ ነው» አሉ። «ሥዕሉን አይቼ ነው።»

ተወካዩ ተጠግቶ አየው። «ይሄ? ይሄ እኮ ባዶ ሜዳ ነው።»

«ሜዳ ነው» አሉ። «ማንም አይመጣበትም።»

ተወካዩ እንደገና ሥዕሉን አየ፤ እሳቸውንም አየ። ከዚያ ወደ ባሌ ዞሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ርዕሱ ምንድን ነው?» አለ።

ባሌ እትዬ ፈለቀችን አየ፣ እኔን አየኝ። ሊናገር ያሰበው ገባኝና ተጠጋሁት። በዚያ ስም የሚታጣው ጋራዥ ብቻ አይደለም። ተው ልለው ነበር፤ አላልኩም።

«ዘርአጽዮን» አለ።

በዚያ ሰፈር ያ ስም ጮክ ተብሎ ሲጠራ ከተወሰደ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ሁላችንም ካሳዬን አየነው። ካሳዬ ቆቡን አወለቀ። ላቡን ሊጠርግ መስሎኝ ነበር፤ ግን ይዞት ቆመ።

«ይመዝገብልን፣ ጓድ» አለ ለተወካዩ። «እናትየዋ ያለቀሱት በሥዕሉ ነው። ጋራዡ የኪነ ጥበብ ነው። ኤግዚቢሽኑም አልተዘጋም፣ ሕዝቡ ይቀመጥ።»

እትዬ ዘርትሁን ብርቱካናቸውን መሬት ላይ አኖሩት። ነጠላቸውን አዘቀዘቁና ከእትዬ ፈለቀች ጎን ተቀመጡ። «በይ እንግዲህ አልቅሺ፣ እህቴ» አሏቸው። «ድንኳኑ ተተክሏል።» ከዚያ በዚያ ሰልፍ በሚያስከብሩበት ድምፅ «ዘርዬ! ዘርዬ ልጄ!» ብለው ጮኹ። እትዬ ፈለቀች ተቀበሏቸው። ሴቶቹ አንድ በአንድ ወደ አግዳሚያቸው ተመለሱ፤ ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ንፍሮው እንደገና ዞረ። ተወካዩም ከወንዶቹ መካከል ገብቶ ተቀመጠ፤ ምን እንደገባውና ምን እንዳልገባው አላውቅም። እኔም እርሳስ ሊያስቀርጸኝ ይመጣ ለነበረው ልጅ፣ በራፉን በፍጥነት ላለፍኩበት፣ ያን ዕለት አለቀስኩለት።

ኤግዚቢሽኑ የተፈቀደው ለአንድ ቀን ነበር። አቶ ገብረእዝጊ ግን ድንኳኑን የነቀሉት በሠልስቱ ነው።